ፊትሽም አብሮ ይስጥ

እኛ ቤት ውስጥ እጅ ብቻውን አይሰጥም ነበር። የእናቴ ሕግ ነው።

ወንድሜ ብስኩቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደ እኔ ገፋ እንበል፤ ፊቱ ግን ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ተኮማትሯል። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና እንኳ ሳትል «መልሰህ ውሰድ» ትለዋለች። ይወስዳል። «አሁን እንደገና ስጣት። ፊትህም አብሮ ይስጥ።» ይሰጣል፤ ፊቱ አሁንም ወደ ኋላ ቀርቷል። «መልሰህ ውሰድ።» እንዲህ ሲሰጥና ሲወስድ ብስኩቱ በእጁ ላብ ይርሳል፤ በመጨረሻ ፊቱ እሺ ሲል የእኔ የመብላት ፍላጎት ጠፍቷል። ግን እኔም ሕጉ ስላለብኝ ደስ ብሎኝ እበላለሁ።

«ግንባርን ቋጥሮ መስጠት ሰውን እያበሉ መስደብ ነው» ትል ነበር እናቴ። «እግዚአብሔር ከተሰጠው ነገር በፊት የሰጪውን ፊት ነው የሚያየው።»

እግዚአብሔርን እንጃ፤ እሷ ግን ታይ ነበር። ስለዚህ እኔና ወንድሜ መኝታ ቤት ባለው ቁም ሳጥን መስታወት ፊት ቆመን የመስጠት ፊት እንለማመዳለን። እኔ ጎበዝ ነበርኩ። ቅንድቤን ትንሽ ከፍ፣ ከንፈሬን ትንሽ ከፈት አድርጌ፣ በሩቅ የምወደው ሰው የጠራኝ እመስላለሁ። የወንድሜ ፊት ሳሙና የዋጠ ሰው ፊት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት «ደግ ልጅ ማን ናት?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም ያንን ፊቴን አደርጋለሁ። በዚህ ፊቴ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራበት ያኔ ማን ያውቃል!

አባቴ ሶፋ ሠሪ ነበር። የቤታችን የፊት ክፍል ወርክሾፑ ነው፤ መዶሻ፣ ሙጫ፣ የስፖንጅ ብናኝ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ የቆመ የሰው ወንበር። ትንንሽ ምስማሮች አፉ ውስጥ ይዞ ስለሚሠራ የሚያወራው በከንፈሩ ዳር ነው፤ ቁም ነገር መናገር ሲፈልግ ብቻ ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ይተፋል። እናቴ በመስኮቱ በኩል በስፌት መኪና ሽፋኑን ትሰፋለች። ከዚያ ወደ ኋላ ኩሽናና መኝታ ቤቶች አሉ።

እኔ ለብዙ ጊዜ የተኛሁት ከወንድሜ ጋር ነው። ስሙን ትቼ ፈረስ እለው ነበር፤ ተኝቶ ስለሚራገጥ። አንድ ቀን ጎኔ በልዞ ተነሣሁና አባቴ አይቶ ምንም ሳይል ሥራ ጀመረ። ከትርፍራፊ እንጨትና ከሰው ሥራ ከተረፈ አረንጓዴ ከፋይ አልጋ ሠራልኝ። ራስጌው በቁልፍ ተወጋግቶ እንደ ሀብታም ሶፋ ያበጠ፣ ከሥሩ የእኔ ብቻ የሆነ መሳቢያ ያለው፣ በትንሿ ክፍል መስኮት ሥር የተቀመጠ አልጋ ነው። በሕይወቴ የእኔ ብቻ የሆነ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። ጠዋት ስነሣ ከፋዩን በእጄ ወደ ላይ እያሸሁ አጨልመዋለሁ፤ ወደ ታች እያሸሁ መልሼ አበራዋለሁ። እንደዚያ አልጋ የወደድኩት ዕቃ ከዚያ በኋላም የለኝም።

አልጋውን ገና ሳልጠግበው አሮጊቷ መጡ።

ከመምጣታቸው በፊት እናቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ «ያሳደጉኝ ሴት ናቸው» አለችኝ። «ታመዋል፤ የሚያያቸውም የለም። አልጋሽን ትሰጫቸዋለሽ።» አነጋገሯ ጥያቄ አልነበረውም። እኔም ሆዴ እያለቀሰ ያንን የታወቀ ፊቴን አደረግኩ። እናቴ አየችኝና «ጎበዝ» አለች። መሳቢያዬን ባዶ አድርጌ ወደ ፈረስ አልጋ ተመለስኩ።

እናቴ እናትና አባቷ በልጅነቷ እንደሞቱ አውቅ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ስለ ልጅነቷ አታወራም። ስለዚህ «ያሳደጉኝ» ስትል በእኔ ሐሳብ አንዲት ቅድስት ሴት እናቴን ከመንገድ አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ስታስገባት ይታየኝ ነበር። አባቴና አንድ ጎረቤት ተሸክመው ካስገቧቸው በኋላ ቀረብ ብዬ «አያቴ» አልኳቸው። እሺም እምቢም አላሉም። «መጋረጃውን ዝጊው» አሉ።

ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ድምፃቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነበር። ከኋላ ክፍል ሆነው ሲጣሩ የአባቴን መዶሻ አልፎ ይሰማል። «ውሃው አልሞቀም!» «ሾርባው ጨው በዝቶበታል!» «ይሄ ትራስ ነው ወይስ ድንጋይ?» ትራሱን በእጁ የሞላው አባቴ ነበርና ምስማሮቹን ተፍቶ «ስንቱን ሰው በእንቅልፍ ሳስጥም ኖሬ፣ ድንጋይ ያለኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» አለ። ሌላ ትራስ ግን ሠራላቸው።

እናቴ ለእሳቸው የምታደርገውን ሳይ ቅናት አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ምግባቸውን ለብቻ ታለሰልሳለች፣ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች። የእኔን ፀጉር ስታበጥር ማበጠሪያው ይናከሳል፤ የእሳቸውን ሲሆን ይዳብሳል። «እትዬ» እያለች ነው የምትጠራቸው። «ሰው እናቱን እትዬ ይላል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሳድግ እንደዚያ ነበር የምላቸው» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። እሷ ምግቧን የምትበላው ሁላችንም በልተን ስንጨርስ፣ ኩሽና ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ በቁሟ ነው። አባቴ «ኧረ ተቀመጪ» ሲላት «ለምጄው ነው» ትለዋለች። ሥራ ስለሚበዛባት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሌላም ነገር አስተውዬ ነበር። ሳህኑን ይዛ እክፍላቸው በር ላይ ትደርስና እጀታውን ይዛ ትቆማለች፤ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ትገባለች። አንዳንዴ ከገባች በኋላ ሳህኑን እንደያዘች ተመልሳ ትወጣለች፤ ትንሽ ትቆምና እንደገና ትገባለች። የረሳችው ነገር ያለ እየመሰለኝ ሮጬ «እማዬ፣ ማንኪያ ላምጣልሽ?» እላታለሁ። «አዎ፣ ማንኪያ» ትላለች። ማንኪያው ሳህኑ ላይ አለ።

ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ ሳስበው ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። የገዛ ሕጓን በራሷ ላይ እየፈጸመች ነበር። ፊቷ አልሰጥም ሲላት ሾርባውን መልሳ ትወስደዋለች፤ እንደገና ትሰጠዋለች። ያኔ ግን እናቴን ፊቷ እምቢ ሊላት ይችላል ብሎ ማን ያስባል? እኔ የመርሳት ችግር አለባት ብዬ ለአባቴ ሁሉ ነግሬበታለሁ። አባቴ «ብትረሳማ ጥሩ ነበር» አለኝ።

የአባቴ እህት ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሷ የሚወጋ ሴት ነበረች፤ አባቴ ራሱ «መርፌ» ይላታል። ከተማው ዳር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ምግብ አብሳይ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። እኔ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ፤ ማንም ልብ አላለኝም።

«ቦታ ተገኝቷል» አለች ገና ሳትቀመጥ። «አንድ አልጋ ተለቋል። ኃላፊዋን ለምኜ አስይዤልሻለሁ፤ እስከ እሑድ ብቻ ነው የምትጠብቀኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«እዚያ ማንን ያውቃሉ?» አለች እናቴ።

«እዚህስ ማንን ያውቃሉ? አንቺን አውቀውሽ ያውቃሉ?»

«ተይ እስቲ፤ ልጆች ይሰማሉ።»

«ይስሙዋ! ንጹሕ ቦታ ነው፣ ሐኪም አለ፣ የሚያገላብጣቸው አለ። እኔ ራሴ ሾርባቸውን እሠራላቸዋለሁ፤ ጨው በዛበት ካሉኝ ደግሞ መልሴን አላጣም። ከራስ በላይ ነፋስ ነው፣ የእኔ እህት! ደግሞ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንቺ ረሳሁ ብትይ እኔ አልረሳሁልሽም።»

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ወሬው ስለ መርፌ እንደሆነ ገባኝ። እናቴ በስፌት ጣቷን ብዙ ጊዜ ትወጋለችና አክስቴ ለእሷ ማዘኗ ደስ አለኝ።

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ። ምስማሮቹን ሲተፋ ሰማሁ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበል» አለ። «መጽደቅ ከፈለግሽ ጽደቂ፤ የሚከለክልሽ የለም። በልጅቷ አልጋ ግን አትጽደቂ። አልጋው የሷ ነው። ስትሰጪባት አልጠየቅሻትም፤ አሁን ጠይቂያት።»

እናቴ የምትሰፋውን ጨርቅ አጥፋ አስቀመጠች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «እጠይቃታለሁ። አልጋዬን ካለች፣ አለች ነው።» ድምፅዋ ቀለል ብሎ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ የነበረ ሸክም በአንድ በኩል የተያዘላት ትመስል ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ የቀሰረው ለአንድ ቃል ብቻ ነው። አልጋዬ ሊመለስልኝ ነው!

ለፈረስ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቀየመ፤ ከዚያ እግሩን እንደ ልቡ እንደሚዘረጋ ሲገባው እሱም ደስ አለው። መሳቢያው ውስጥ ምኑን የት እንደማስቀምጥ ሁሉ አሰብኩ። ከፋዩ ወዝ ጠጥቶ እንደሆነ በምን እንደማጸዳው ከአባቴ ተማከርኩ። አሮጊቷም እዚያ የአክስቴን ሾርባ ይጠጣሉ፤ ማንም አይጎዳም። ከእኔ የሚጠበቀው እናቴ ስትጠይቀኝ «አዎ» ማለት ብቻ ነው።

ቅዳሜ እናቴ የአሮጊቷን ፀጉር አጠበች። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ውሃ አፈሳለሁ። አሮጊቷ ወንበር ላይ ተደግፈው አንገታቸውን ወደ ሳፋው ጎንበስ አድርገዋል፤ እናቴ ከኋላቸው ቆማ በአረፋ ታሻለች።

«ቀስ በይ!» አሉ አሮጊቷ። «ድሮም እጅሽ ሻካራ ነው። ስንቴ ነው የምነግርሽ?»

የእናቴ እጅ አረፋው ውስጥ ቆመ። ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ደርሷል። እንዳየኋት ስታውቅ በትከሻዋ ጠረገችና «ሳሙናው ነው» አለች። ሳሙናው ከዓይኗ ሩቅ ነበር።

አንድ ልጅ ይህን አይቶ ምን ይላል? እኔ ያልኩትን ነዋ። እናቴ ያለቀሰችው እናቷ ሊሄዱባት ስለሆነ ነው። ያሳደጓትን ሴት፣ በማንኪያ የምታጎርሳቸውን፣ ፀጉራቸውን የምትዳብሰውን ሴት፣ በእኔ አልጋ ምክንያት ከቤቷ ልታስወጣ ነው። እኔ «አዎ» ካልኩ ልቧ ይሰበራል። ማንቆርቆሪያው በእጄ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረችው ከሰዓት በጣም ረዘመችብኝ። አልጋዬን እፈልጋለሁ። ማንም ሰው በልጅነቱ አንድ ነገር ምን ያህል ሊፈልግ እንደሚችል ካልረሳ ይገባዋል። ወደ ቁም ሳጥኑ መስታወት ሄጄ «ይቆዩ» አልኩ። ያ የታወቀው ፊቴ አልመጣም። ቅንድቤን ከፍ አደረግኩ፣ ከንፈሬን ከፈት አደረግኩ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሆድ የባሳት ልጅ ናት። መልሼ ወሰድኩት፤ አልጋው የእኔ ነው አልኩ። እንደገና ሰጠሁ። እንደገና ወሰድኩ። ማንም አያየኝም፣ ማንም «ጎበዝ» አይለኝም። በመጨረሻ ደከመኝና ስለ ፊቴ ማሰብ ተውኩ፤ የእናቴ አገጭ ላይ ስለደረሰው እንባ ብቻ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነገሩ በቃ ቀለለኝ። ይቆዩላት። መስታወቱን አላየሁም፤ አላስፈለገኝም።

አመሻሽ ላይ እናቴ ጠራችኝ። አባቴ ቁርጥራጩን እየጠረገ ነበር። የጣት መከላከያ ቆብዋን ሳታወልቅ ሁለት እጄን ያዘች።

«አክስትሽ ለእትዬ ጥሩ ቦታ አግኝታለች» አለች። «የሚተኙበት አልጋ ያንቺ ነው። ሳልጠይቅሽ ነው የወሰድኩብሽ፤ አሁን ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ብትፈልጊው ነውር የለውም። አልጋሽ እንዲመለስልሽ ትፈልጊያለሽ፣ አይደል?»

አንገቷን ወደ እኔ ሰግጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።

«አልፈልግም፣ እማዬ» አልኳት። «ይቆዩ። ወድጄ ነው የሰጠኋቸው።»

እናቴ ፊቴን አየችው። የተሰፋ ጨርቅ አገላብጣ ያመለጠ ክር እንደምትፈልገው አድርጋ፣ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አፌን አየችው። ምንም አላገኘችም። ከዚያ ጎትታ አቀፈችኝ፤ የጣት ቆቡ ጀርባዬን ወጋኝ። «ምን ላድርግሽ!» እያለች ታለቅሳለች፣ በመሃል ደግሞ ትስቃለች። «አሁን አንቺን ምን ላድርግሽ!»

አባቴ መጥረጊያውን ተደግፎ «እንግዲህ ማን አስተምሪያት አለሽ?» አላት። እሱም ይስቅ ነበር፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የደስታ ለቅሶ መስሎኝ ቁመቴ የጨመረ ያህል ተሰማኝ። ለፈረስ ስነግረው እሱ ብቻ ነው በእውነተኛ ሐዘን ያለቀሰው።

እውነቱን የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ከአክስቴ፣ ከዚያ ከእናቴ። እናቴ ወላጆቿ ሲሞቱ ያኔ አልጋዬን ስሰጥ የነበርኩትን ያህል ልጅ ነበረች። አሮጊቷ የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፊት «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ብለው ወሰዷት። ከዚያ ቤት እንጨት እያመጣች፣ እያጠበች፣ እያበሰለች አደገች። የምትተኛው ኩሽና ወለል ላይ ጆንያ አንጥፋ ነው። የምትበላው ሁሉም በልቶ ሲነሣ በቁሟ ነው። የቤቱ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ የምሳ ዕቃውን ተሸክማ እስከ በሩ ትሸኘዋለች፤ ትመለሳለች። «አይመቱኝም ነበር» አለችኝ እናቴ ስታወራ፤ መካድ አትወድም። «ብቻ አያዩኝም።» ያ ልጅ በኋላ የእናቱን ቤት ሸጦ እልም አለ፤ አሮጊቷ ታመው ሲወድቁ ዞረው የጠሩት የእሷን ስም ነበር። እሷም ለክርስቶስ ብላ ተቀበለቻቸው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ በራቸው ላይ ከፊቷ ጋር ትታገል ነበር። አክስቴ የቦታውን ወሬ ያመጣችው እናቴ ትግሉ በቅቷት ልትወድቅ ስትል ነው። «ልጄ አልጋዋን ፈለገች» ብላ፣ ማንንም ሳታሳዝን፣ ከእግዚአብሔርም ሳትጣላ መውጫ የሚሆናት አንድ በር ተገኝቶላት ነበር። ያንን በር ያስተማረችው ፊት ዘጋባት።

በማግስቱ እሑድ አክስቴ መልሱን ሰምታ «ሁላችሁም አብዳችኋል» ብላ በሩን በላያችን ደርግማ ሄደች። እኔ ለአሮጊቷ ውሃ ወሰድኩ።

«ነይ ወዲህ» አሉኝ። «አንቺ ነሽ አሉ ያስቀረሽኝ።»

«አዎ፣ አያቴ።»

«ለምን?»

ጥያቄው ገረመኝ። «እናቴ በጣም ስለምትወድዎት ነዋ! ትናንት ፀጉርዎን ስታጥብ ይሄዱብኛል ብላ ስታለቅስ ነበር። እርስዎ ስላጎነበሱ አላዩአትም።»

አሮጊቷ ትንሽ አዩኝ።  ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንቅልፍ የመጣባቸው መስሎኝ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው አልብሻቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ሰኞ ምሳ ሰዓት እናቴ ቆማ ስታጎርሳቸው ድንገት አፋቸውን ገጠሙ።

«ቁጭ በይ» አሏት።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። የራስሽን ሳህን ይዘሽ ነይ፤ እዚህ ቁጭ ብለሽ ብይ።»

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም።  ከዚያ ወደ ኩሽና ሄዳ ሳህኗን አመጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ልክ እንደ እንግዳ፣ በስሱ ተቀመጠች። ሳይነጋገሩ በሉ። እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ ተናደድኩ፤ እኛ ቤት አልጋ ላይ መብላት ክልክል ነበር። ሮጬ ለአባቴ ልከሳቸው ሄድኩ። አባቴ ምስማሮቹን ተፋና «እናትሽ ተቀምጣ እየበላች ነው?» አለኝ። «አዎ! አልጋ ላይ!» «በይ ዝም በይ» አለኝ፤ «እንዳትገቢ፣ ወንድምሽንም አታስገቢው።» ያን ቀን ከሰዓት መዶሻ አልመታም።

አሮጊቷ ከዚያ በኋላም ክረምት አልፎ ክረምት እስኪመጣ እኛ ጋ ኖሩ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ማንም አልሰማም። ስለ ትራሱ ማማረራቸውን አልተዉም፤ ስለ ሾርባውም እንደዚያው። ምሳ ሲደርስ ግን እናቴ ሁለት ሳህን ይዛ ትገባለች። እሳቸው ሲያርፉ እናቴ አምርራ አለቀሰች፤ እኔም ያለቀሰችበትን ምክንያት አውቃለሁ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። አባቴ የአልጋውን ስፖንጅ ቀይሮ መለሰልኝ። እግሬ ግን እስከዚያ ረዝሞ ግርጌው ላይ ይጋጭ ነበር።

ባለፈው እሑድ እናቴ እኔ ቤት ነበረች። ልጄ ብርቱካኑን ለእህቱ ሲያካፍል ፊቱን እንደ ጡጫ ጨብጦታል። እኔም ወዲያው «መልሰህ ውሰድ» አልኩት። «ፊትህም አብሮ ይስጥ።»

«ተዪው ልጁን» አለች እናቴ።

«እንዴ! አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

«እኔ ያስተማርኩሽ ፊቱን ነው። ልቡን ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም።» ከብርቱካኑ ላይ ነጩን ክር እየለቀመች ብቻዋን ሳቀች። «ያን ቅዳሜ ጠዋት ተንበርክኬ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቂያለሽ? ጌታ ሆይ፣ ልጄ እምቢ ትበልልኝ ብዬ ነው። አንድ ቀን እንኳ ራስ ወዳድ ትሁንልኝ ብዬ።»

ሳቅ ያዘኝ፤ ወዲያውም ተወኝ። ያቺ በር ላይ ቆማ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት እኔ ዛሬ ካለሁበት ዕድሜ ታንስ ነበር። «ምነው እንግዲያ ‹ይሂዱ› ባልኩልሽ ኖሮ፣ እማዬ» አልኳት። «ያን ሁሉ ጊዜ ከምትሰቃዪ።»

እናቴ አየችኝ። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ሲያይ ግን አሁንም የሚያመልጠው ክር የለም።

«ብትዪማ ኖሮ እሳቸው ይሄዱልኝ ነበር» አለች። «እኔ ግን እስከ ዛሬ እዚያ ኩሽና ወለል ላይ እተኛ ነበር።»